ገጹን የሚነካካው ሰው

ጥቅምት 9

ቀኑን ሙሉ ማመልከቻ ስተይብ ዋልኩ። አንዱ ደንበኛ "መብቴ ይከበርልኝ" ለማለት "መብቴ ይከፈልልኝ" ብሎ ጽፎ መጣ። ዝም ብዬ አስተካከልኩለት። ባለሱቋ ሁሌ "እትዬ፣ የሰጡዎትን ይተይቡ፤ እኛ ኮፒ ቤት ነን፣ ትምህርት ቤት አይደለንም" ትለኛለች። እሺ እላታለሁ። እጄ ግን እሺ አይልም።

ቤት ስደርስ ባሌ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ስልኩን እያወዛወዘ፣ የግንባሩ ሥር ተገታትሮ። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ... "ነይ ስሚ! 'ቡድኑ ሽንፈት አስተናገደ' ይላል! ሽንፈት እንግዳ ነው እንዴ? ወንበር ሰጡት? ሻይ አቀረቡለት?" ሳቄ መጣ። እሱ አይስቅም። የምሩን ነው።

ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው ይኸው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ቋንቋ ያስተማረ፣ ተማሪዎቹ "ቀይ እስክሪብቶ" ብለው ስም ያወጡለት ሰው ቤት ሲውል ምን ይሁን? ልጃችን አሳዘናትና ፌስቡክ ላይ ገጽ ከፈተችለት። "አባዬ እዚያ ላይ ይቆጣ፣ አንቺም ታርፊያለሽ" ብላኝ። አርፌ ሞቻለሁ! ከየሰዉ ጽሑፍ ስሕተት ይለቅምና "የዛሬው ጉድፍ" ብሎ ያወጣዋል። "መምህራኖች" ያለውን፣ "ቃላቶች" ያለውን፣ ሁለት ነጥብ ደርቦ አራት ነጥብ ነው ያለውን... ማንንም አይምርም። ትናንት የአንዲት ዜና አንባቢ ስም አወጣ። "ስሟን እንኳ ሸፍንላት፣ የሰው ልጅ ናት" ስለው "ሲሳሳቱ ስም አላቸው፣ ሲታረሙ ነው ስም የሚጠፋቸው?" አለኝ።

እሱ ይናገራል፣ እኔ እተይባለሁ። ጣቱ ለስልክ ወፍራም ነው፤ አንዱን ሲነካ ሦስቱን ይጫናል። ቆሞ "ነጠላ ሰረዝ... አዲስ መስመር..." እያለ ሲያስጽፈኝ ክፍል ውስጥ ያለ ይመስለዋል። የይለፍ ቃሉም እኔ ዘንድ ነው።

ደስ ይለኛል መቼም። እኔም እኮ ያናድደኛል፣ ስሕተት። ለሱ አልነገርኩትም እንጂ አንዳንዱን ጉድፍ አግኝቼ የማቀብለው እኔ ነኝ።

ጥቅምት 17

ሥራ በዝቶ ቆይቼ ገባሁ። ራሱ ጽፎ ለጥፎታል! በአንዲት ጣቱ። "ምነው፣ አትጠብቀኝም?" አልኩት። "የሰው እጅ ማየት እስከ መቼ?" አለኝ። ኩራቱ...

ትንሽ ቅር አለኝ። ምን ቅር የሚል ነገር አለው?

ጥቅምት 22

የትናንት ጽሑፉን ዛሬ ሻይ ሰዓት ላይ አየሁት። "ቋንቋ የሕዝብ ጫማ ነው። ያለ እሱ ሕዝብ አይታወቅም።" ጫማ? ደጋግሜ አነበብኩት። "ማንነት" ሊል ነው? ከሥር ሰዉ "ድንቅ አባባል!" "ጠለቅ ያለ ነው መምህር!" ይላል። አንዱማ "እውነት ነው፣ ቋንቋችንን ከጣልን በባዶ እግር መሄዳችን ነው" ብሎ ተንትኖታል። በሰው ፊት ብቻዬን ሳቅኩ።

ቤት ስገባ አሳየሁት። ጮክ ብሎ አነበበው። "ቋንቋ የሕዝብ ጫማ ነው። እና? ምን ሆነ?" አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ዐይኑን አየሁት። አይቀልድም።

"አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም" ብዬ መላጣውን ዳሰስኩለት። እሱ ሳቀ። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም።

ኅዳር 1

ቁርስ ላይ "መስኮቱን አቀብዪኝ" አለኝ። መነጽሩን ነው። ጠረጴዛው ላይ ሌላ የሚቀበል ነገር ስላልነበረ ገባኝ። ሰጠሁት፣ አደረገው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ስልኩን ማንበብ ጀመረ።

የዛሬው ጽሑፍ ላይ አንዲትን ሴት "ይህች ወጣት እንዲህ ሲል ተናገረ" ብሎ ወንድ አደረጋት። እሱ! በዚህ በዚህ ስንቱን ያስለቀሰ ሰው! ከኮፒ ማሽኑ ጀርባ ቆሜ በራሴ ስልክ ገጹ ውስጥ ገባሁና አስተካከልኩት። አንዷን አስተካክዬ ስጨርስ ሌላ አየሁ። ከዚያ ሌላ። የሰው ቤት ተደብቄ የገባሁ መሰለኝ።

ምን ላድርግ? ስንቱን አሳፍሯል፣ ቀኑን የሚጠብቅለት ብዙ ነው። በተለይ አንድ የድሮ ተማሪው አለ፣ አሁን ባንክ ነው የሚሠራው። ልጅ ሳለ ድርሰቱን ክፍል ውስጥ አንብቦ አስቆበታል። ዛሬም ከየጽሑፉ ሥር እየመጣ "ይቺስ ልክ ናት መምህር?" ይላል። እሱ አንድ ቀን ያገኘው እንደሆነ... አያሳየኝ።

ከሱም የባሰ አለ። ራሱ ያወቀ ቀንስ? ይሄ ሰው ከቃል ሌላ ምን አለው? ንብረት የለው፣ ሹመት የለው። እኔን ያገኘኝ እንኳ በቃል ነው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ታይፒስት ሆኜ ስገባ ፈተናውን ስተይብ አንድ ነጥብ ዘለልኩበትና ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ተጣላኝ። በማግስቱም መጣ። በሦስተኛው ቀን ምንም ነጥብ አልጎደለም፣ እሱ ግን መጣ።

ኅዳር 6

ልጄ ደወለች። ያለችበት ከተማ ሩቅ ነው፣ ግን እሷም ገጹን ታነባለች።

"እማ፣ አባዬ ምን ሆኗል?"

"ምን ሆነ?"

"እንትን... ጠዋት ያየሁት ጽሑፍ ማታ ሌላ ሆኖ ይጠብቀኛል። የምታርሚው አንቺ ነሽ አይደል?"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩት። "እማ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ሐኪም ዘንድ ውሰጂው" አለች። "ምን ብዬ?" "ለዐይኑ ነው በይው።" "በዚህ ዕድሜዬ ውሸት ልማር?" አልኳት። ስልኩን ስዘጋ ግን... ተምሬው የለ እንዴ? በየቀኑ ምን እየሠራሁ ነው?

ኅዳር 13

ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ልጃችን ብትሆን ነው። ሥዕል እያሳየች "ይሄ ምንድን ነው?" ትለዋለች። ማበጠሪያ ነበር። "ይሄማ... ይሄማ ጥርስ ያለው..." ብሎ ቆመ። ፀጉር እንደሚያበጥር ሰው እጁን መላጣው ላይ አመላለሰ። ከዚያ ተቆጣ። "አንቺ ራስሽ 'ሪላክስ ይበሉ' ትዪኛለሽ! ሪላክስ ምንድን ነው? ቋንቋ ቀላቅለሽ ስትጠይቂኝ ምኑን ልመልስልሽ?" ልጅቷ ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀችው። ያሸነፈ መሰለው፣ ፊቱ በራ።

ኮሪደሩ ላይ ለብቻዬ ነገረችኝ። አእምሮው ውስጥ የቃላቱ ቦታ ነው አለች የታመመው። ሌላው ብዙም አልተነካም፣ ለጊዜው። ይብሳል እንጂ አይመለስም። "እርሳቸው ግን ልክ የተናገሩ ነው የሚመስላቸው። ለጆሯቸው ልክ ነው። አይከራከሯቸው፣ ይጎዳቸዋል።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው ሲባል እሰማ ነበር። እንዲህ ነው ለካ።

መንገድ ላይ "ምን አለችሽ?" አለኝ። "ድካም ነው አለች።" "እኔስ ምን አልኩሽ!" ክንዴን ይዞ አስፋልቱን አሻገረኝ። እኔን! እንደ ሁልጊዜው መኪናው በሚመጣበት በኩል እሱ ሆኖ። እንባዬ መጣ፣ ዋጥኩት።

ኅዳር 17

ዛሬ ያረምኩት አይባልም። እንዳዲስ ጻፍኩለት ማለት ይሻላል።

ኅዳር 21

ጉድ ፈላ።

ከሥራ ስገባ መሃል ቤት ቆሞ አገኘሁት። "ሰው ገብቶበታል!" አለኝ። "የት?" "ገጼ ውስጥ!" ጠዋት የለጠፈውን ከሰዓት ተመልሶ አንብቦታል። ከዚህ በፊት ተመልሶ አያነብም ነበር። "ይሄን እኔ አልጻፍኩም። አጣሞብኛል። አንድ ቃል የኔ አይደለም!" ጣቱን በየቃሉ ላይ እያሳረፈ "ስሕተት... ስሕተት... ይሄም ስሕተት" አለኝ። እኔ ያስተካከልኩትን ነው። ልክ የሆነውን። የሰው ስሕተት ሲያይ እንኳ እንዲህ ሲሆን አይቼው አላውቅም።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች... እኔን ነው።

ከዚያ ቁጭ ብሎ ጻፈ። "ማስጠንቀቂያ! ቃሌን የሚያበላሽ ቀማኛ በገጼ ዝናብ ገብታለችና ሕዝቡ በር እንዲያነብ..." አንዱም ዐረፍተ ነገር አይቆምም። ልነካው አልቻልኩም። ስልኩን ታቅፎ፣ ሌባው ሲገባ ሊይዘው ዐይኑን ተክሎ ተቀምጧል። ሰው አየው። መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ቆይቶ አንድ ሁለት ሰው "መምህር፣ ደህና ነዎት?" ብሎ ጻፈ። ያቺን ደጋግሜ አነበብኳት።

ኅዳር 22

የይለፍ ቃሉ ይቀየር አለ። "ነይ ቀይሪልኝ፣ ማንም እንዳያውቀው።" ቀየርኩለት። "ለማንም እንዳትነግሪ።" "ለማን እነግራለሁ?" ከሌባው ጋር ተማክሮ በሩን ቆለፈ። ብስቅ ደስ ባለኝ።

ቆይቶ ግን "ደርሼበታለሁ" አለኝ። የባንኩን ልጅ ነው የሚለው። ስሙን ሊያወጣ ነው። የሚሠራበትን ቦታ ጭምር። ለአለቃው ሊጽፍ ነው። "ምን ማስረጃ አለህ?" ስለው "ከክፍል ጀምሮ ቂም ይዞብኛል" አለ። ነገ ጠዋት አወጣዋለሁ ብሎ ተኛ።

ልጁ ሚስት አለው፣ ሕፃን ልጅ አለው፣ ፎቶአቸውን አይቻለሁ። በባንክ ሥራ ላይ ደግሞ ሌባ መባል... ምን ይዋጠኝ? እውነቱን ልንገረው? "ሌባ የለም፣ የታመመው ያንተ ቃል ነው" ልበለው? ሐኪሟ ይጎዳል ብላለች። እሷ ባትልስ፣ በየትኛው አፌ?

ኅዳር 23

ነገርኩት። ግማሹን።

ሻይ አቀረብኩለትና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። "እኔ ነኝ" አልኩት።

"ምኑ?"

"ገጹን የነካካሁት። ላሳምርልህ ብዬ ነው። አላውቅበትም፣ አበላሸሁብህ።"

ብርጭቆውን አስቀመጠ። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አዘነልኝ። ብዙ ቃል እየፈለገ፣ እያጣ፣ አንዱን በሌላው እየተካ የተናገረው ሲጠቃለል እንዲህ ነው... የሰው ልጅ ሁሉ ሳስተምር አንቺን አንድ ቀን ቁጭ አድርጌ አላስተማርኩሽም። ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።

አንጀቴን በላው። ከተጋባን ጀምሮ ይቅርታ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው። እሱም ላላጠፋው ጥፋት።

ኅዳር 24

ለሕዝብ አወጀው። ሰው እንዲገባው ሆኖ የወጣው ይሄ ነው፦ ገጹን ያበላሸችው ሚስቴ ናት፣ ትምህርቷ ትንሽ ነው፣ ይቅር በሏት። አልነካሁትም። አንድ ፊደል አልነካሁም። የባንኩ ልጅ ስም አልወጣም፣ እሱ ይበቃኛል።

ልጄ እያለቀሰች ደወለች። "እማ፣ አሁንስ በዛ! ልዝጋው ገጹን?" "ተይው፣ በራሱ ጊዜ ይዝጋው።" "ሰው ምን ይልሻል?" "ይበለኛ!"

ኅዳር 28

ብሎኛል። የመመረቂያ ጽሑፍ ይዛ የመጣች ልጅ እኔ እየሰማሁ ወደ ባለሱቋ ዞራ "እሳቸው ባይተይቡልኝ?" አለች። ባለሱቋ ወደ ጎን ጠራችኝ።

"እትዬ፣ መምህሩ ያሉት እውነት ነው እንዴ?"

የሰው ስሕተት አያርሙ እያለች ስትቆጣኝ የኖረች ሴት! እንዴት እንዲህ ብላ ትጠይቀኛለች? ግን ጽሑፉን ራሱ ባሌ ነው የጻፈው። ባልሽ ካለ አለ ነው። እውነቱን ብነግራት ደግሞ አፏ ወንፊት ነው፤ ሳይመሽ መንደሩ ሁሉ ይሰማዋል፣ ከመንደሩ ገጹ ላይ ይወጣል፣ ከገጹ እሱ ያነበዋል።

"እውነት ነው" አልኩ።

"እንግዲያው ለጊዜው ኮፒ ማሽኑ ላይ ይሁኑ።"

ማሽኑ ላይ ዋልኩ። ወረቀት አስገባለሁ፣ ወረቀት አወጣለሁ። የሰዉ ስሕተት እንዳለ ይባዛል። ከጎኔ አዲሷ ልጅ "መምህራኖች" ብላ ስትተይብ በዐይኔ አየኋት፣ ምንም ማለት አልቻልኩም። እኔ ምን አውቅና? ማሽኑ ሲጮህ ለቅሶ አይሰማም፤ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ትምህርቴ ትንሽ ነው፣ እውነቱን ነው። ግን በእጄ የወጣ ወረቀት ተመልሶ አያውቅም ነበር። ያንን ስሜን ነው ለሱ የሰጠሁት።

ታኅሣሥ 5

የባንኩ ልጅ ኮፒ ቤቱ መጣ። ከፎቶው አወቅኩት። አንዲት ወረቀት ኮፒ አስደረገና አልሄድ አለ።

"መምህር እንዴት ናቸው እትዬ?"

"ደህና ነው።"

"እኔ እኮ ስድባቸውን አውቀዋለሁ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እየሰማሁት ነው ያደግሁት። ልብ የሚያቆስል ቢሆንም ያምር ነበር፣ ተሰድቤም እንኳ እቤቴ ገብቼ እደግመው ነበር። አሁን... ስድቡ ተበላሸ። ያኔ ነው የገባኝ። እርስዎ እንዳልሆኑ አውቃለሁ።"

ወረቀቱን አጥፌ ሰጠሁት።

"ከሥር መጻፍ ትቻለሁ። ሌሎቹንም በውስጥ መስመር ተዉ ብያቸዋለሁ።" ሊሄድ ዞረና ተመልሶ "እንዲሳሳቱ ስንት ቀን ተመኝቻለሁ መሰለዎት። እንዲህ ግን አላልኩም" አለኝ። ዐይኑ እንባ አቅርሯል። ስፈራው የኖርኩት ይሄን ልጅ ነው።

ታኅሣሥ 11

ገጹን ተወው። "መጀመሪያ ቤቴን" አለ። ልጄ ከሩቅ ሆና ዘጋችው፣ ልብም አላለ።

አሁን ሥራ ከመግባቴ በፊት ጠዋት ጠዋት ያስተምረኛል። የቁም ሳጥኑ በር ላይ ትልቅ ወረቀት ለጥፏል፣ ሰሌዳ መሆኑ ነው። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ያርማል። መጀመሪያ ላይ እጄ አልታዘዝ አለኝ። እሱ ሌላ ሲል ልኩን ይጽፋል። እሱም ይሰርዝና የራሱን ከላይ ይጽፍልኛል። "ግድ የለሽም፣ ቀስ በቀስ ይገባሻል።" ድምፁ እንዴት ይለሰልሳል! እነዚያ ልጆች ይሄን ድምፅ አንድ ቀን ሰምተውት ቢሆን...

ቤት ውስጥም ያለውን ነው የምከተለው። "ጣራውን አጥፊው" ሲለኝ መብራቱን አጠፋለሁ። "ደብዳቤ ደርቆብኛል" ሲል ውሃ አቀብለዋለሁ። "አየሽ፣ ሲነገርሽ ትሰሚያለሽ" ይለኛል። አንዳንድ ቀን ሥራ ቦታ ባለሱቋ ስትናገር የምትለው ነገር ግራ ይገባኛል።

ታኅሣሥ 19

የልጃችንን ስም ፈልጎ አጣው። "ያቺ... የኛዋ" አለ። ብዙም አልተጨነቀም። እኔ ጓዳ ገባሁ።

ታኅሣሥ 27

ዛሬ ምንም አልተናገረም። ትምህርትም የለም። ወረቀቱን ሲያይ ሲያይ ዋለ። ዝምታውን አልለመድኩትም፣ ይጩህብኝ። ማንን ላርም አሁን? ማንስ ያርመኛል?

ጥር 3

ጠዋት ቀድሞኝ ተነሥቶ ልብሱን ለብሶ ወንበሩ ላይ ጠበቀኝ። መቆም ይደክመዋል አሁን። እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ፣ ደብተሩን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ።

"የዛሬው ስለ ጊዜ ነው" አለኝ። አጥርቶ ነው ያለው፣ ደነገጥኩ። "ያለፈው... የሚመጣው... ሰው ያምታታዋል።"

"ምሳሌ ስጠኝ" አልኩት።

ብዙ አሰበ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ቃሉ የሚመጣለት አልመሰለኝም፤ ግድ የለም ልለው ስል ቀና አለ። እያንዳንዱን ቃል እየረገጠ አስጻፈኝ፦

"ነገ ከአንቺ ጋር ነበርኩ። ትናንትም ከአንቺ ጋር እሆናለሁ።"

ጻፍኩት። እጄ አላንገራገረም።

"አንብቢው" አለኝ። አነበብኩለት።

"ስሕተት አለው?"

ደግሜ አየሁት። "የለውም" አልኩት። አልዋሸሁትም።

ሥራ ረፍዶብኛል። "ሌላ ምሳሌ ስጠኝ" አልኩት።